የእኅትነት ዕዳና የሹመት አደራ፤ የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ታሪክ

አንባቢ ሆይ፤ እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው የሥጋ ዝምድና ሁሉ በዕድሜ የሚረዝመው የወንድምና የእኅት ዝምድና ነው። አባትና እናት ቀድመውን ያልፋሉ፤ ልጆቻችን ከእኛ በኋላ ይመጣሉ፤ ባልና ሚስትም የሚገናኙት ካደጉ በኋላ ነው። ከአንድ መሶብ ቈርሶ ያደገ ወንድም ግን፥ ዕድሜ ከሰጠው፥ ከሕፃንነት እስከ ሽበት አብሮን ይኖራል። ስለዚህ ይህ ዝምድና እንዴት ሊያዝ እንደሚገባ ማወቅ ለሁሉ ቤት ያስፈልጋል።

ወንድሙን የሚጠላ ሰው በደለኛ እንደ ሆነ ማንም ያውቃል፤ ቃየልን የሚያመሰግን የለም። ነገር ግን ወንድሙን ከልክ አልፎ በመውደዱ ሰውን የሚበድል እንዳለ ብዙዎች አያስተውሉም። አንደኛው በደል በቤት ውስጥ ይጀመራል፤ ሁለተኛው ከቤት ወጥቶ በአደባባይ፥ በፍርድ ወንበርና በሹመት ላይ ይታያል። ሁለቱንም በአንድ ቤት ታሪክ ታያቸው ዘንድ፥ በአገራችን ስማቸው የታወቀውን የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ሕይወት በአጭሩ እነግርሃለሁ። ስለ ጀግንነታቸው ብዙ ሰምተሃል፤ እኔ ግን በተለይ ስለ እኅትነታቸው ልነግርህ እወዳለሁ።

በጉና ተራራ አቅራቢያ ያለችውን ደብረ ታቦርን የምታውቅ ብትሆን፥ ከተማዪቱን የቈረቈሩ የየጁው ራስ ጉግሣ እንደ ሆኑ ሰምተህ ይሆናል። ራስ ጉግሣ በ1817 ዓ.ም. ሞቱ። ከእርሳቸውም በኋላ ሦስት ልጆቻቸው፥ ራስ ይማም፥ ራስ ማርዬና ራስ ዶሪ፥ አንዱ ባንዱ እግር እየተተኩ በስድስት ዓመት ውስጥ ሁሉም አለፉ። ከዚያ ወዲያ ሥልጣኑ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ ራስ ዓሊ ሄደ። በዚያ ዘመን መንግሥት እንደ ቤት ዕቃ ከወንድም ወደ ወንድም ይተላለፍ ነበር።

ከራስ ጉግሣ ሴቶች ልጆች አንዲቱ ወይዘሮ ሂሩት የስሜኑን ገዥ ራስ ኃይለ ማርያምን አገቡ። የእቴጌ ጣይቱ አባት ደጃዝማች ብጡል ከዚህ ቤት የተወለዱ ናቸው። እንግዲህ እቴጌ ጣይቱ በአባታቸው በኩል የስሜንም የደብረ ታቦርም ወገን ነበሩ ማለት ነው። በዚህም ቤት ጥል አልጠፋም። ራስ ኃይለ ማርያም ሲሞቱ፥ እናታቸው ልዩ ልዩ የሆኑት ልጆቻቸው ውቤና መርሶ በአባታቸው ግዛት ተጣሉ። ውቤ አሸንፈው ስሜንን ያዙ፤ ከዚያም ትግሬን ጨምረው ገዙ። ነገር ግን ወንድማቸውን አሸንፈው የያዙትን ሁሉ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ላይ ለደጃዝማች ካሣ፥ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ለተባሉት፥ አስረከቡ። ወንድም ከወንድሙ የነጠቀውን ሌላ ሰው መጥቶ ወሰደው።

ይህ ጥል በመሳፍንት ቤት ብቻ የነበረ አይምሰልህ። በበጌምድር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወርድ ነበር፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ባለ ድርሻ ነበረች። ይህ መልካም ሥርዓት ነበር። ነገር ግን እኅት ወደ ሩቅ አገር ስትዳር መሬቷን ወንድሟ ያርሰዋል፤ ዓመታት ሲያልፉ ያረሰው ሰው የራሱ ብቻ ይመስለዋል፤ የእኅትየው ልጆች አድገው የእናታቸውን ድርሻ ሲጠይቁ ግን የአጎትና የእኅት ልጅ ሙግት ይነሣል። ስንት ቤት በዚህ ፈረሰ! የካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆኖ የዱሮው የርስት ሥርዓት ቀረ፤ ጠባዩ ግን ከሰው ልብ አልቀረም። ዛሬ ሙግቱ ወላጆች በከተማ ትተውት በሄዱት ቤትና ሱቅ ላይ ሆኗል።

አሁን ወደ ታሪካችን እንመለስ። ለደጃዝማች ብጡልና ለወይዘሮ የውብዳር አራት ልጆች ነበሯቸው፤ እነርሱም አሉላ፥ ወሌ፥ ጣይቱና ደስታ ናቸው። ልጆቹ ገና ሳያድጉ አባታቸው ሞተባቸው። የአጎታቸው የደጃዝማች ውቤ ቤትም ሲወድቅ የልጆቹ መጠጊያ ከነርሱ ራቀ። ጣይቱ በጎጃም በደብረ መዊ ገዳም አደጉ፤ በዚያም ለሴት ልጅ በማይዘወተርበት ዘመን ማንበብና መጻፍ፥ ግእዝም ተማሩ፤ በገናም መደርደር ዐወቁ። ወንድሞቻቸው ወሌና አሉላ ደግሞ፥ እንደሚነገረው፥ ዐፄ ቴዎድሮስ የመኳንንትን ልጆች ሰብስበው ባስቀመጡበት በመቅደላ ላይ ሆነው ከሸዋው ልጅ ከምኒልክ ጋራ ተወዳጁ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሄዱ፤ የልጅነት ወዳጅነት ግን አልጠፋም።

ወላጅ የሌለው ልጅ ወንድሙ አባት፥ እኅቱ እናት ትሆነዋለች። ከነዚህ ልጆች ያንዱ ስም ከሌላው ሳይለይ መቈየቱ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ርስታቸውና ሠራዊታቸው ተወስዶባቸው፥ በየአገሩ ሲበተኑ፥ የቀራቸው ሀብት እርስ በርስ መተሳሰብ ብቻ ነበር። ጣይቱ ከብዙ መከራና ካልጸኑ ትዳሮች በኋላ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ወራት ንጉሥ ምኒልክን በአንኮበር አገቡ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ በሁለተኛው ቀንም ጣይቱ እቴጌ ተባሉ።

በዚህ ጊዜ እኅት ወንድሟን አልረሳችም። ብዙ ሰው ከፍ ሲል አብሮት የተራበውን ወንድሙን ያፍርበታል፤ በእንግዳ ፊት ዘመዴ ነው ለማለት ይቸገራል። እቴጌ ጣይቱ በዚህ አይታሙም። ወንድማቸው ወሌ ራስ ተባሉ፤ የየጁም ገዥ ሆኑ። ራስ ወሌም ሹመታቸውን በዘመቻ አከበሩት፤ በ1888 ዓ.ም. ኢጣልያ በመጣችብን ጊዜ ጦራቸውን ይዘው ወደ ዓድዋ ዘመቱ። እቴጌም የራሳቸውን ጦር አሰልፈው ነበር፤ በመቀሌም ምሽግ የነበረውን የኢጣልያ ጦር ውኃውን በመያዝ እንዲያስጨንቁት የመከሩ እርሳቸው ናቸው። እኅትና ወንድም ባንድ ዘመቻ፥ ለአንድ አገር፥ በገዛ ሕይወታቸው ቆሙ። አንባቢ ሆይ፤ የሥጋ ዝምድና የሚያምረው እንዲህ ሲሆን ነው። ሁለቱ የተረዳዱበት ነገር ለሌላውም ሕዝብ ጥቅም ሆነ እንጂ ከማንም አልተነጠቀም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ክፍል በጥንቃቄ አንብብ። እቴጌ ጣይቱ ከዐፄ ምኒልክ ልጅ አልወለዱም። ልጅ የሌላት እኅት የወንድሟን ልጆች እንደ ልጆቿ መቍጠሯ የታወቀ ነው፤ የሚያስመሰግንም ነው። የራስ ወሌን ልጅ ጉግሣን በ1892 ዓ.ም. ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ለወይዘሮ ዘውዲቱ አጋቡ፤ ጉግሣም ራስ ተብለው የበጌምድርን ግዛት ይዘው በደብረ ታቦር ተቀመጡ። የወንድማቸውን ልጅ ወይዘሮ ከፈይን የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ አገቡ። ኋላም ከዚህ ጋብቻ የተወለደችው ሮማነወርቅ በ1901 ዓ.ም. ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱ ተዳረች። እንግዲህ ተመልከት፤ የጁም፥ በጌምድርም፥ ትግሬም፥ የሚመጣውም ዘውድ ሁሉ በጋብቻና በሹመት ወደ አንድ ወንድም ቤት ይጠጋ ጀመር።

ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ የመንግሥቱ ሥራ በእቴጌ እጅ ወደቀ። ባላቸውን ሲያስታምሙ ሹም ይሾሙና ይሽሩ ነበር። መኳንንቱም፥ ይልቁንም የሸዋ መኳንንት፥ ሥልጣኑ ሁሉ ለእቴጌ ዘመዶች ሊሆን ነው ብለው አጕረመረሙ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተማክረው እቴጌን ከመንግሥት ሥራ አራቋቸው፤ ባላቸውን ከማስታመም በቀር በሌላ ነገር እንዳይገቡ ከለከሏቸው። ራስ ጉግሣ ወሌ ከበጌምድር ተሻሩ። የሮማነወርቅና የልጅ ኢያሱ ጋብቻም ፈረሰ። በብዙ ዓመት የተሠራው በጥቂት ወራት ተናደ።

በፍርድ ረገድ ትክክለኛ እንሁን። መኳንንቱ የተቈጡት ለፍትሕ በመቅናት ብቻ አልነበረም፤ እነርሱም ዘመድ ነበሯቸው፥ ለዘመዶቻቸውም ይሹ ነበር። ሴት ስታዝዝ መስማትም ከብዷቸው ነበር። እቴጌም የታመመ ባል፥ ያልጸና መንግሥት፥ የሚያምኑት ሰው ጥቂት የሆነባቸው ሴት ነበሩ፤ በጭንቅ ጊዜ ዐይን ወደ ወንድም ማየቱ ከሰው ጠባይ ነው። ሆኖም ሹመት የሕዝብ አደራ ነው። የአደራ ዕቃ ለወንድም ቢሰጥም ስጦታ አይባልም፤ ሰጪዪቱ ባለቤቷ አይደለችምና። የተጐዳውም ሰው የሚጠላው ሰጪዪቱን ብቻ አይደለም፤ ተቀባዩንም ይጠላል። ስለዚህ እኅት ወንድሟን ልታከብር ብላ የሠራችው ሥራ በወንድሟ ቤት ላይ ብዙ ጠላት አስነሣበት።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። እቴጌ ጣይቱም ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው በጸሎት ተቀመጡ። በ1909 ዓ.ም. ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲሆኑ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ተለያዩ፤ ራስ ጉግሣም ወደ በጌምድር ግዛታቸው ተመለሱ። በ1910 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የቀረ ዕድሜያቸውን በአባቶቻቸው አገር በጎንደር ይፈጽሙ ዘንድ ለመኑ፤ አልተፈቀደላቸውም። ከጥቂት ወራት በኋላ፥ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ። መጀመሪያ በዚያው ተቀበሩ፤ ኋላ ዐፅማቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ከዐፄ ምኒልክ አጠገብ ዐረፈ።

የወንድማቸው ልጅም ፍጻሜ እነሆ። ራስ ጉግሣ ወሌ ከመንግሥት ጋራ ተጣልተው ከበጌምድር ጦር አስነሡ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ ላይ፥ አውሮፕላን በዘመተበት ጦርነት፥ ወደቁ። ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን መጋቢት 24 ዐረፉ። ይህ ሁሉ በአክስታቸው ምክንያት መጣ አልልህም፤ ብዙ ሌላ ምክንያት ነበረውና። ነገር ግን በደብረ ታቦር በመጀመሪያው ጉግሣ የተጀመረው፥ መንግሥትን የአንድ ቤት ገንዘብ የማድረግ ልማድ፥ በዚያችው ከተማ በተቀመጡት በሁለተኛው ጉግሣ ቤት ላይ ምን እንዳመጣ አየህ።

አሁን፥ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ወደ ራስህ ቤት አምጣው። እኔ መኰንን አይደለሁም፥ የምሾመው ግዛት የለኝም፥ ትል ይሆናል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ወረፋ የምታስተናግድ ብትሆን፥ ወንድምህ ከኋላ መጥቶ ከፊት ሲቆም ምን ታደርጋለህ? ሽማግሌ ሆነህ ብትጠራ፥ ተከራካሪው የእኅትህ ባል ሲሆን ምን ትፈርዳለህ? ምስክር ሆነህ ብትቆም፥ እውነቱ ወንድምህን የሚጐዳ ሲሆን ምን ትናገራለህ? የዕድር ወይም የማኅበር ገንዘብ በእጅህ ሳለ እኅትህ ብትቸገር ከየትኛው ኪስ ትሰጣታለህ? በእጅህ ያለችው አደራ ትንሽም ብትሆን ሕጓ ያው ነው።

ዮሴፍን አስበው። ወንድሞቹ ሸጠውት ነበር፤ እርሱ ግን በራብ ዘመን መገባቸው፥ በጌሤምም አሰፈራቸው። ሆኖም ምድሪቱን ከመስጠቱ በፊት ወንድሞቹን በፈርዖን ፊት አቁሞ እረኞች መሆናቸውን በግልጥ አስታወቀ፤ መሬቱን የሰጠ ባለቤቱ ፈርዖን ነው። ከመካከላቸው ችሎታ ያለው ቢገኝ በከብቶቹ ላይ እንዲሾም የፈቀደም ራሱ ፈርዖን ነው። ዮሴፍ የግብጽን ጐተራ ቍልፍ ለወንድሞቹ አላከፋፈለም። ከራሱ ሰጠ፤ የሌላውን በባለቤቱ ፈቃድ ሰጠ፤ የሰጠውንም ሁሉ በብርሃን ሰጠ። ወንድሙን ሊረዳ የሚወድ ሁሉ በዚህ መስፈሪያ ይስፈር።

እንግዲህ ወንድምና እኅት እርስ በርሳቸው ያለባቸውን ዕዳ በአጭሩ ልንገርህ። መጀመሪያ፥ ከወላጅ የተገኘው ሀብት የሁሉም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን ሁሉ በእኩልነት ወራሾች አድርጓቸዋል፤ ወንድና ሴት፥ ታላቅና ታናሽ ብሎ አይለይም። ስለዚህ ታላቅ ወንድም የጋራውን ቤት ጠባቂ ነው እንጂ ጌታው አይደለም። እኅቱ ተድራ ስለ ሄደች ድርሻዋ አብሯት አልሄደም። አንቺም እኅቴ፥ ወንድሞችሽን ላለማስቀየም ብለሽ ፈርተሽ የተውሽው ድርሻ ሰላም አያመጣም፤ ለልጆችሽ ሙግት ይቈያቸዋል። ወደሽ ብትሰጪ ግን በሽማግሌ ፊት፥ በጽሕፈት ስጪ።

ሁለተኛ፥ የተቸገረውን መርዳት ምሕረት ብቻ አይደለም፥ ግዴታ ነው። የአገራችን ሕግ፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም ጭምር፥ ወንድምና እኅት አንዱ ሠርቶ መኖር ሲሳነው ሌላው ቀለብ ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። ሕግ ባያስገድድህ እንኳ ኅሊናህ ያስገድድህ። አንተ በደብረ ታቦር ተማሪ ቤት የምትቀመጥ ልጅ፥ ታላቅ ወንድምህ በጉና ሥር ገብስ እያረሰ፥ እኅትህም ትምህርቷን ትታ እንጨትና ውኃ እየተሸከመች እንዳስተማሩህ አስብ። በየሳምንቱ የምትቀበለው ስንቅ ብድር ነው። ተምረህ ሥራ ስትይዝ፥ ከደመወዝህ ላይ የነርሱን ድርሻ ቍጠር፤ ከመሥሪያ ቤትህ ሣጥን ግን አትቍጠር።

ሦስተኛ፥ ወንድም በወንድሙ ላይ የመምከርና የመገሠጽ መብት አለው። ብዙ ሰው ለወንድሙ የሚያዝን መስሎት ጥፋቱን ይሸፍንለታል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ ያድጋል። በጓዳ የተነገረ እውነት ወንድምን ከአደባባይ ውርደት ያድነዋል። አራተኛም፥ ወንድምህ ወይም እኅትህ ብትሞት ልጆቻቸውን አንሣ። እቴጌ ጣይቱ የወንድማቸውን ልጆች መውደዳቸው የሚነቀፍ አይደለም። አንተም የወንድምህን ልጅ ከልጅህ ጋራ አብላው፥ አስተምረው፤ ባለሙያ አድርገው። ላልደከመበት ሹመት ግን አታሳጨው፤ ክንዱ ሳይጠና ሸክም እንደ መጫን ነውና።

ከዚህ ሁሉ ዘወትር በሰው አፍ የሚነሣ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ለወንድሜ ካላደላሁ ለማን ላደላ? ይላሉ። ዘመድ የሌለው፥ ከገጠር መጥቶ በርህ ላይ የቆመው ባላገር ግን እርሱም የአንድ ሰው ወንድም ነው። እኅቱ ማሳ ላይ ሆና መመለሱን ትጠብቀዋለች። አንተ የእርሱን ተራ ለወንድምህ ስትሰጥ ከእርሷ ወንድም ወስደህ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ማድላት ይከብደዋል።

የወላጆችህ ቤት ሳይከፋፈል ቈይቶ እንደ ሆነ፥ ወንድሞችህንና እኅቶችህን በዚህ ወር ሰብስብና በሽማግሌ ፊት ተነጋገሩ። የተጣላሃት እኅት ብትኖር፥ ቀድመህ ወደ እርሷ ሂድ፤ ማን ጀመረው የሚለውን መንገድ ላይ ጥለኸው ሂድ። በእጅህም የሌላ ሰው አደራ ቢኖር፥ ወንድምህ ሲለምንህ ከራስህ ያለህን ስጠው፤ ከአደራው ግን የለኝም በለው። ለዛሬ ቢያዝንብህም፥ ነገ ባንተ ምክንያት ጠላት እንዳልተነሣበት ያውቃል።